ለጨቅላ ሕፃናት ኢንኩቤተር የቆዳ ሙቀት ሴንሰር ስሰራ ያየሁት

ኢንኩቤተር ጨቅላ ሕፃን የሚሞቅበት ሳጥን ነው። ሴንሰሩ ራሱ ቀላል ነገር ነው፤ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም የሆነች ትንሽ ኤንቲሲ ቴርሚስተር፣ ማለትም ሬዚስታንሷ (ለኤሌክትሪክ ጅረት ያላት መከላከል) ከሙቀት ጋር የሚቀያየር። የሚያስፈራው፣ የምታነበው ቁጥር ማሞቂያውን የሚያዝ መሆኑ ነው። "ቆዳው ቀዝቅዟል" ካለች ማሞቂያው ይጨምራል።

ስለዚህ ሙከራውን የጀመርኩት ምን ያህል በትክክል ትለካለች ብዬ ሳይሆን፣ ስትበላሽ ምን ትላለች ብዬ ነው። ኤንቲሲ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ገመዱ ሲበጠስ ደግሞ ሬዚስታንሱ ወሰን ስለሌለው ሶፍትዌሩ ሕፃኑ በጣም የቀዘቀዘ ይመስለውና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፣ ገመድ ይበጠሳል። ከሰው ገላ ሊመጣ የማይችል ንባብ ሁሉ እንደ ሙቀት ሳይሆን እንደ ብልሽት እንዲቆጠር፣ ማሞቂያው ጠፍቶ አላርሙ እንዲጮህ አደረግኩ። ከዚያ ገመዱን በመቀስ ቆረጥኩ፣ ሽቦዎቹን አነካካሁ፣ ሶኬቱን በግማሽ ነቀልኩ።

በግማሽ የተነቀለው ከሁሉም የከፋ ነው። ንባቡ አይጠፋም፣ ዝም ብሎ ይዛነፋል። በ37 ዲግሪ አካባቢ ሬዚስታንሱ 6 ኪሎ ኦም ገደማ ሆኖ በየዲግሪው 4 በመቶ ገደማ ስለሚቀየር፣ ላላ ያለ ሶኬት የሚጨምረው 250 ኦም አካባቢ ንባቡን በአንድ ዲግሪ ዝቅ ያደርገዋል። አላርም አይጮህም፣ ማንም አያውቅም። ለዚህ መፍትሄው ሶፍትዌር አይደለም፣ የሚቆለፍ ጥሩ ሶኬት ነው።

ሌላው ፕላስተሩ ለቆ ሴንሰሯ ከቆዳ ስትላቀቅ ነው። ያኔ የምታነበው አየሩን ነው፣ ቁጥሩም የሚታመን ይመስላል። እኔ የያዝኩት ንባቡ በሚወርድበት ፍጥነት ነው፤ ገላ በሰከንዶች ውስጥ እንዲያ አይቀዘቅዝም። በዚህ ብቻ ግን አልተማመንም፤ ከሴንሰሯ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ አየሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ማሞቂያውን ራሱ የሚያጠፋ መቁረጫ የግድ ያስፈልጋል።

ካሊብሬሽኑን (ንባቡን ከትክክለኛ መለኪያ ጋር ማስተያየቱን) በሚማሰል ውሃ ውስጥ፣ ከማመሳከሪያ ቴርሞሜትር ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ በ30፣ በ36 እና በ42 ዲግሪ ሰራሁ። እዚህ ላይ ውሃ ያታልላል። ቴርሚስተሯ ውስጥ 100 ማይክሮ አምፔር ስናሳልፍ በ37 ዲግሪ አካባቢ 0.06 ሚሊ ዋት ያህል ራሷን ታሞቃለች፤ ውሃው ያን ሙቀት ወዲያው ስለሚወስደው አይታይም፣ በረጋ አየር ውስጥ ግን ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በውሃም በአየርም መፈተን፣ ጅረቱንም ለመለኪያዋ ቅጽበት ብቻ መልቀቅ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ደህንነቱም አለ። የሕክምና ዕቃዎች ዓለም አቀፍ የደህንነት ደረጃ የሆነው አይኢሲ 60601-1፣ ቢኤፍ ለሚባለው ዓይነት (የታካሚን ገላ ለሚነካ፣ ልብን ግን በቀጥታ ለማይነካ ክፍል)፣ ዕቃው ጤነኛ እያለ ወደ ታካሚ የሚያፈተልከውን ተለዋዋጭ ጅረት (ኤሲ) በ100 ማይክሮ አምፔር ይገድባል፣ የሚለካውም ሙሉው ዕቃ ተገጣጥሞ ነው።

በመጨረሻ ገመዱንና ጫፉን በአልኮል ደጋግሜ ጠርጌ፣ አጣጥፌ፣ ካሊብሬሽኑን እንደገና አየሁ። ሕፃን አጠገብ የሚውል ዕቃ በየቀኑ ይጠረጋል፣ አዲስ እያለ ብቻ የተፈተነ ሴንሰር ደግሞ ገና አልተፈተነም።