ካመማት ትመለሳለች

ዳሌው በብረት የተተካ ሰው የራጅ ፊልም እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው አጥንቱን አይደለም፤ ኳሷን ነው። ሰው ሠራሽ ዳሌ ውስጡ ፕላስቲክ በተለበጠ የብረት ጽዋ ውስጥ የምትዞር ኳስ ናት። ፕላስቲኩ ራጅ ላይ አይወጣም። በብረቱ ጽዋና በኳሷ መካከል ጥቁር ክፍተት ሆኖ ብቻ ይታያል። ክፍተቱ ከላይም ከታችም እኩል ከሆነ ደኅና ነው። ከመንዝ መጥተው ደብረ ብርሃን ራጅ ያነሣኋቸው እናት ፊልም ላይ ግን የላይኛው ከታችኛው በግማሽ ያንሳል። ከጽዋው በላይ ደግሞ አጥንቱ ውስጥ ጠርዙ የለየለት ጥቁር ጉድጓድ አለ።

የመጡት ወድቀው ወገባቸውን መትቷቸው ነበር። ዳሌያቸውን ልጃቸው ውጭ ወስዳ ካሠራችላቸው ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ፊልሙን ይዤ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ።

«ዳሌዋን ያማታል?» አለኝ።

«አያማቸውም፣ ዶክተር።»

«ትራመዳለች?»

«በእግራቸው ነው የገቡት።»

«ታዲያ ምን ሆንክ? አንተ ራጅህን አንሣ። ካመማት ትመለሳለች።»

ፊልሙን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኸው ነው። ስድቡን ችዬዋለሁ፤ «ካመማት» የምትለዋ ቃል ግን አልወጣልህ አለችኝ። ይህ ነገር ሲጀምር አያምምማ!

ሰውየው በተራመደ ቁጥር ኳሷ ፕላስቲኩን ትፍቀዋለች። የሚረግፈው ብናኝ አብዛኛው ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ፣ ያነሰ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ማክሮፌጅ የሚባሉት የሰውነት ጠባቂ ሴሎች እንደ ጀርም ቆጥረው ይውጡታል፤ ግን ፕላስቲኩ የተሠራበት ፖሊኤትሊን አይፈጭላቸውም። መፍጨት ሲያቅታቸው የብግነት ኬሚካሎች ይረጫሉ፤ ያ ደግሞ አጥንት የሚበሉትን ኦስቲዮክላስቶች ይቀሰቅሳል። ጀርም በሌለበት አጥንቱ ይሟሟል። ታማሚው ምንም ሳይሰማው ጉድጓዱ ይሰፋል፤ ሕመሙ የሚመጣው ጽዋው ሲላላ ወይም አጥንቱ ሲሰበር ነው። ያኔ መልሶ ለመትከል የሚይዝ አጥንት ይጠፋል። ፕላስቲኩ በዓመት ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተበላ አደጋው እንደሚጨምር ይታወቃል፤ ይህን የሚለካው ደግሞ ከዓመት ዓመት የሚነሣ ራጅ እንጂ የታማሚው ስሜት አይደለም።

አዲስ ነገርም አይደለም። የዘመናዊው የዳሌ ተከላ አባት የሚባለው እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ መጀመሪያ የተጠቀመው ቴፍሎን የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነበር። ቶሎ ተበልቶ ብናኙ በታማሚዎቹ ላይ ጉዳት ሲያደርስ ተወው፤ የቴፍሎኑን ብናኝ በገዛ ጭኑ ወግቶ እስከ መሞከርም ደርሷል። በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ ፖሊኤትሊን የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው።

እናታችንን «የድሮ ፊልም አለዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሣጥን ውስጥ አለ፣ ልጄ። ምነው?»

ፕላስቲኩ እየተበላ ሊሆን ስለሚችል ከድሮው ጋር መተያየት እንዳለበት ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «እንደ ወፍጮ ድንጋይ በለኛ! እህሉን ሲፈጭ እሱም ያልቃል፤ አሸዋው ከዱቄቱ ጋር ይገባል» አሉኝ። ትምህርት ቤት ማንም እንዲህ አሳጥሮ አላስረዳኝም።

የድሮውን ፊልም የልጅ ልጃቸው በነጠላ ጠቅልሎ አመጣው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው የሚያከራክር ነገር አልነበረም፤ በድሮው ኳሷ መሐል ላይ ናት፣ ጉድጓዱም የለም። ሌላ ሐኪም ተመልክቶ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፈላቸው። እዚያ ጽዋው ገና ሳይላላ ተደረሰበት፤ ፕላስቲኩ ተቀየረ፣ ጉድጓዱም በአጥንት ተሞላ።

ወሬው የጠዋት ስብሰባ ላይ ሲነሣ ያ ሐኪም «በጊዜ አገኘነው» አለ። እኔም አልተናገርኩም፤ እሳቸው ድነዋል። ዛሬም ግን ሰው ሠራሽ ዳሌ ያላቸው ሰዎች ካርድ ላይ በእሱ እጅ «ካመማቸው ይመለሱ» ተብሎ ተጽፎ ይመጣል። እኔም ከሥሩ «በየዓመቱ ራጅ ቢነሡ፤ የድሮ ፊልም ይያዝ» ብዬ እጽፍበታለሁ።