ሹሩባ፣ ኮቴ እና የጌም ሄድፎን

ስለ ጌም ሄድፎን የሚያወሩ ቪዲዮዎች ብዙ አይቻለሁ። ሹሩባ የተሠራች ሰው ግን አንድም ቀን አልገጠመችኝም። ሁሉም ጺማቸውን ያሳደጉ ወንዶች ናቸው። ከኋላቸው ሐምራዊ መብራት ይበራል። ባሱን (ወፍራሙን ድምፅ) ያደንቃሉ፣ መብራቱን ያሳያሉ፣ «ሊንኩ ከታች አለ» ብለው ይሰናበታሉ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ስትጎነጎን ውላ ማታ ያንን ቅስት አናቷ ላይ የምትጭን ሴት ምን ትሁን? የሚነግረኝ ስላጣሁ እኔው ልጽፈው ነው።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ቀን ሒሳብ እሠራለሁ፣ ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን የተኩስ ጌም እጫወታለሁ። የእማዬን መኝታ ከእኛ ክፍል የሚለየው ቺፕውድ ብቻ ነው። ስትገላበጥ እንኳ ይሰማል። ጠዋት ቡና እያፈላች «አንቺ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» ትለኛለች። እኔ እኮ ከማንም አልተጣላሁም፣ ቦምቡ የት እንደተጠመደ እየተናገርኩ ነው።

ስለዚህ እኛ ቤት ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን አይታሰብም። ክፍት የሚባለው ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳው ነው። ድምፁ ሰፋ ይላል፣ ጆሮንም አያፍንም፤ በዚህ ምክንያት የሚምሉበት አሉ። ግን ውስጥ ያለው ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውጭውም ይገባል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ይሁንለት። እኛ ጋ ድፍኑ ነው የሚያዋጣው። መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል፣ ውጭ ባጃጅ አይጠፋም፣ ላፕቶፑ ደግሞ በባትሪ እየሠራ ጨዋታው ይቀጥላል።

አሁን ወደ አናቴ ልመለስ። አዲስ ሹሩባ የራስ ቆዳን ወጥሮ ነው የሚይዘው፣ ታውቁታላችሁ። የተለመደው የሄድፎን ቅስት ክብደቱን በሙሉ መሃል አናት ላይ ያሳርፋል። ጉንጉኑ ከሥሩ ይጫናል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጉንጉን ብቻ ለይቶ ማሳከክ ይጀምራል። እጄን ልኬ ቅስቱን ወደ ፊት እገፋዋለሁ፣ ያኔ ጆሮ ላይ ያለው ትራስ ይንሸራተታል፣ ድምፁም ይሳሳል። ደግሞ ጉትቻ አለ። ክብ ጉትቻ አድርጎ ሄድፎን መጫን ራስን መቅጣት ነው።

እኔን የገላገለኝ ከቅስቱ ሥር የሚለጠጥ ጨርቅ ያለው ዓይነት ነው። ቅስቱ ራሱ አናት አይነካም፤ አናት ላይ የሚያርፈው ሰፊው የጨርቅ መቀነት ነው፣ ክብደቱንም ይበትነዋል። ስቲልሲሪስ የሚባለው ድርጅት ከአርክቲስ ሞዴሎቹ በአንዳንዶቹ ላይ የሚጠቀመው ይህንን ነው። እኔ ያለኝ አርክቲስ 3 ነው፣ ያገለገለ፤ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ገዝቶ በአውቶቡስ ነው የላከልኝ። ወንድሜ ደግሞ ሃይፐርኤክስ ክላውድ ስቲንገር አለው። እሱ 275 ግራም ነው፣ ለጌም ሄድፎን ቀላል የሚባል። የእኔ ምክር ከ300 ግራም በታች ፈልጉ ነው። የአንድ እንቁላል ያህል ልዩነት መደብር ውስጥ አይታወቅም፤ ሌሊት ላይ አንገት ይነግራችኋል።

የጆሮ ትራሱ ከምን እንደተሠራ ሳታዩ አትክፈሉ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት ቢባልም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቷን የቀመሰ ያውቀዋል። አብዛኞቹ የጌም ሄድፎኖች ትራሳቸው ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። ቆዳው ድምፅ በደንብ ያፍናል፣ ባስም ይይዛል፤ ግን ጆሮ እንዲያልበው ያደርጋል። ሲቆይ ደግሞ ይላጣል። የወንድሜ የድሮው ሄድፎን እንዲህ ሆኖ ነበር። ጥቁሩ ቅርፊት ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ ትራስ ላይ ይቀራል፣ አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነጠላዬ ላይ አገኘሁት። ጨርቅ ትራስ ባሱን ትንሽ ይቀንሳል፣ ከውጭም ትንሽ ድምፅ ያስገባል፤ እኔ ግን ጨርቁን እመርጣለሁ። ከሁሉ በላይ ትራሱ ተነቅሎ የሚቀየር መሆኑን ጠይቁ። መነጽር የምታደርጉ ደግሞ ለስላሳውን ምረጡ። የመነጽሩ ዘንግ ትራሱና ጆሮ መካከል ክፍተት ሲፈጥር መጀመሪያ የሚያመልጠው ባሱ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው? ለኮቴ ነው። ተኩስማ በስልክ ስፒከርም ይሰማል። ዋናው ነገር የሚመጣው ሰው ከግራ ይሁን ከኋላ፣ ፎቅ ላይ ይሁን ምድር ቤት፣ እየሮጠ ይሁን እየተራመደ ማወቁ ነው። ጆሯችን አቅጣጫን የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ላይ ቀድሞ ይደርሳል፤ ልዩነቱ 1 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ግራው ላይ ደግሞ ጭንቅላት ስለሚጋርደው ደከም ብሎ ይሰማል። ፊትና ኋላን፣ ላይና ታችን ለመለየት የጆሮ ቅጠል ቅርፅ ያግዛል። ጌሞቹ ይህን በስሌት ያስመስሉታል። ካውንተር ስትራይክ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ስሌት ለሄድፎን ተጫዋቾች አስገብቷል።

ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው «7.1» እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የሚያወዛግበው። ሰባት ስፒከር ዙሪያውን፣ አንድ ደግሞ ለባስ ማለት ነው። ብዙዎቹን ሄድፎኖች ብትፈቱ ግን በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ነው የምታገኙት። ሌላው በሶፍትዌር የሚሠራ ማስመሰል ነው። ጌሙ አቅጣጫውን ራሱ አስልቶ ልኮት ሄድፎኑ እንደገና ሲያሰላው ድምፁ ይደበላለቃል፣ ኮቴው ከሁሉም በኩል የመጣ ይመስላል። ከሁለቱ አንዱን አጥፉ። የሃይፐርኤክስ ክላውድ 2 ማስመሰያ ለምሳሌ ሽቦው ላይ ባለች ትንሽ ሳጥን በአንድ ቁልፍ ይጠፋል። ለፊልም ከወደዳችሁት አብሩት። ለጌም ግን ንጹሕ ስቴሪዮ ይበቃል ባይ ነኝ፣ ለ«7.1» ብላችሁም ተጨማሪ ብር አታውጡ።

እኔ አዲስ ሄድፎን የምፈትነው እንዲህ ነው። ባዶ ማፕ እንከፍትና እኔ መሃል እቆማለሁ። ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወንድሜ በሌላ ኮምፒውተር ገብቶ ይዞረኛል፣ እኔ ያለበትን በጣቴ አመለክታለሁ። ግራና ቀኝ ማንም ያገኘዋል። ፈተናው ከኋላዬ ሲመጣና ደረጃ ሲወጣ ነው። ብረት መሰላል ሲይዝ ድምፁ ይቀየራል፣ ደህና ሄድፎን ያንን ኳኳታ ከኮቴው ለይቶ ያሰማል። ባስ የበዛበት ግን ሁሉንም ያድበሰብሰዋል። ለሙዚቃ ደስ የሚለው ያ ደንብ ደንብ የሚል ባስ እዚህ ጋ ጠላት ነው። ፍንዳታው ኮቴውን ይውጠዋል።

ቁጥሮቹ ላይ ብዙ አልቆይም። 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር የሚለው የስፒከሩ ስፋት ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ብቻ አይሻልም። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፣ እሱም በወጣትነት፤ ስለዚህ «40,000» ተብሎ ቢጻፍ ለሌሊት ወፍ ይጠቅም ይሆናል። ኦም የሚለውን፣ የኤሌክትሪክ መቋቋሙን መለኪያ፣ ግን እዩት። ከ16 እስከ 32 አካባቢ ያለውን ስልክም ላፕቶፕም ያስጮኸዋል። 250 ኦም ያለው የስቱዲዮ ሄድፎን ግን ማጉያ ካልተገዛለት ያንሾካሽካል።

ብሉቱዝ ለጌም አልመክርም። በተለመደው ብሉቱዝ ድምፁ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ሲተኩስባችሁ ታያላችሁ፣ ድምፁ በኋላ ይደርሳል። ማይኩን ስትከፍቱ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳሉ፤ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር ይቀራል። ሽቦ የማይወድ ሰው ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ የራሷ መቀበያ ያላትን፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የምትሠራውን ይግዛ። እሷ ፈጣን ናት፣ ዋጋዋም ያንኑ ያህል ይወጣል። መብራት እንደፈለገ በሚሄድበትና በሚመጣበት ከተማ ግን ቻርጅ የማይጠይቅ ነገር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ሽቦ ይሻለኛል።

ፕሌይስቴሽን 4 ያላችሁ ደግሞ አስተውሉ፤ ተራ የብሉቱዝ ሄድፎን በቀጥታ አይቀበልም። ጆይስቲኩ ላይ ግን ቀዳዳ አለው፣ ባለሽቦውን እዚያ ትሰኩታላችሁ። ለፊፋ ከሆነ ግን ለምን ትደክማላችሁ? ፖሊ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ኳስ መጫወት ደስ የሚለው ጫጫታው ነው። አብዶ ተሠርቶበት ጎል ሲገባበት የጓደኛን ጩኸት በሄድፎን አፍኖ ምን ይገኛል?

ማይክ ላይ ሰው ይዘናጋል። አብረዋችሁ የሚጫወቱት የሚሰሙት የእናንተን ክፍል ነው። ከአፍ አጠገብ የሚደርስ ዘንግ ያለው ማይክ የአካባቢውን ድምፅ በብዙ ይቀንሳል፤ ሽቦው ላይ የተንጠለጠለችው ነጥብ ግን ሁሉንም ትለቅማለች። አንድ ጊዜ አንዱ የቡድናችን ልጅ የእኛን ቅዳሴ ሰምቶ «እናንተ ጋ ነጋ እንዴ?» ብሎናል። ነግቶ ነበር። መደብር ውስጥ ስልካችሁ ላይ ሰክታችሁ ባጃጅ ሲያልፍ ድምፃችሁን ቅዱ። መልሳችሁ ስሙት። ከባጃጁ በላይ እናንተ ከተሰማችሁ ማይኩ ደህና ነው።

ሻጩ ካስሞከራችሁ ነው እንግዲህ። አንዱ ቀበሌ 14 አካባቢ «የኔ እህት፣ ካርቶኑ ከተከፈተ ተሸጠ ማለት ነው» አለኝ። ኦሪጅናል ነው ብሎ ይምላል፤ ካርቶኑ ላይ የታወቀው ብራንድ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ሳየው ሳቄ መጣ፣ እሱ አልሳቀም። አመስግኜ ወጣሁ። ፎርጅዱን በዓይን መለየት ከባድ ነው፤ እኔ ግን በእጅ እመዝነዋለሁ፣ ቅስቱን ገልበጥ አድርጌ እለጥጠዋለሁ፣ ሽቦው ከጆሮው ጋር የሚገናኝበትን አየዋለሁ። እዚያ ጋ ማጠፊያ ላስቲክ ከሌለው ቶሎ ይበጠሳል። ሽቦው ተነቅሎ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ብየዳ ፍለጋ ከመዞር ትገላገላላችሁ።

ድምፅ ጮክ አድርጎ መጫወት ላይ ስብከት አልወድም፣ ግን አንድ ልኬት ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ይላል። 90 ላይ ሲደርስ 4 ሰዓት ብቻ ነው። ድፍን ሄድፎን የሚጠቅመው ለዚህም ነው፤ ውጭውን ስለሚያፍን ማስጮህ አያስፈልግም። በብስክሌት ስትሄዱ ግን አውልቁት፣ እባካችሁ። ይህች ከተማ ግማሹ ሰው ብስክሌት ላይ ነው፣ ግማሹ ባጃጅ ውስጥ፤ መለከቱን የማይሰማ ሰው ይገጫል።

ከመክፈላችሁ በፊት መሰኪያውን እዩ። ጫፉ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለው ድምፅም ማይክም በአንድ ሽቦ ይዟል ማለት ነው። ለስልክ፣ ለጆይስቲክና ለአብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ይሆናል። መሰኪያው አንድ ብቻ ሆኖ ሁለት ቀለበት ካለው ግን ማይኩ በዚያ ሽቦ አያልፍም። እንደ ወንድሜ የቆየ ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሁለት ቀዳዳ ነው ያለው፣ አረንጓዴው ለድምፅ፣ ሮዝ ቀለም ያለው ለማይክ። አንዱን መሰኪያ ለሁለት የምትከፍል አጭር ሽቦ ያስፈልጋችኋል። ብዙ ጊዜ አብራ ትመጣለች፤ ካርቶኑ ታች፣ ከወረቀቱ ሥር ነው የምትቀመጠው። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት ሻጩን «መክፈያዋስ?» በሉት። እኔ የአጎቴ ልጅ ጠይቆልኝ ነው ያገኘኋት፣ አሁን ወንድሜ ወስዷታል።