ከሸራው ጀርባ

ለእኔ ድንኳን ማለት ሰርግ ነው፤ አለዚያም ለቅሶ። ዛሬ አሜሪካ፣ ኒው ጀርዚ ግዛት፣ ኦሽን ግሮቭ የምትባል ከተማ ደርሼ ስመለስ ግን ሐሳቤ ተቀይሯል። ሜቶዲስት የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች በ1869 (እንደ ፈረንጆቹ) ውቅያኖሱ ዳር ለጸሎት የሰፈሩባት ቦታ ናት። ዛሬም ከግንቦት እስከ መስከረም 114 ድንኳኖች ተተክለው ሰው ይኖርባቸዋል።

አንዲት አረጋዊት በረንዳቸው ላይ አተር እየፈለፈሉ ነበር። ዓይኔን መንቀል ሲያቅተኝ አይተው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉልኝ። ፊት ለፊቱ ሸራ፣ ከኋላው የእንጨት ክፍል፦ ማብሰያ፣ መታጠቢያ፣ እንዲያውም ማቀዝቀዣ! በጋው ሲያልቅ ሸራውም አልጋውም ተጣጥፎ እዚያችው ጓዳ ይገባል። ተራ ለማግኘት ዓመታት ይጠበቃል አሉኝ፤ አላጋነኑም።

ድንኳኖቹ የከበቡት በ1894 የተሠራውን ግዙፍ የእንጨት አዳራሽ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይይዛል። ባዶውን ገብቼ ተቀመጥኩ፤ የጎን በሮቹ ተከፍተው የባሕሩ ነፋስ ያለ ከልካይ ይመላለሳል።

በጣም የገረመኝ ግን የእሑዱ ሕግ ነው። እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ እሑድ በከተማዋ መኪና መንዳት ቀርቶ ማቆም እንኳ ክልክል ነበር። ቅዳሜ ማታ ሁሉም መኪናውን ከከተማዋ በር ውጭ ያወጣ ነበር፤ በሩም በሰንሰለት ይታሰር ነበር። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነው ሕጉ የቀረው፤ ከከሳሾቹ አንዱ እሑድ ጋዜጣ የሚያደርስ ሰው ነበር። እኔ ዛሬ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሠላሳ ደቂቃ ስዞር ሰንሰለቱን ናፍቄዋለሁ።

አተሩን አብሬያቸው ፈልፍዬ ጨረስኩ።