የፕራክቲከም 11ኛ ሳምንት፦ ምክር ማቆም ከብዶኛል

ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ኪሎ የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርሴን ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ፕራክቲከም (የተግባር ልምምድ) የደረሰኝ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ እውላለሁ፤ ዓርብ ከሰዓት ሱፐርቪዥን (ሥራችንን ከሚከታተሉን መምህር ጋር መገምገሚያ) አለን።  ዛሬ ስለ ልጆቹ ልጻፍ። ማንም እንዳይለያቸው ታሪካቸውን ቀያይሬዋለሁ።

ከሁሉም የከበደኝ መምከር ማቆም ነው። የሙያችን ስም ራሱ «አማካሪ» ነው። ልጁ በሩን ከፍቶ ሲገባ ምክር ነው የሚጠብቀው። የላከው መምህርም «እስኪ ምከሪልኝ» ብሎ ነው የላከው። እኔም ያደግኩት እንደዚያው ነው፤ ታላቅ ይመክራል፣ ታናሽ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 የጻፈውን ክፍል ውስጥ ተምረናል፦ አማካሪው እውነተኛ ሆኖ፣ ሳይፈርድ ተቀብሎ፣ የሰውየውን ስሜት በሰውየው ዓይን ሲያይ ለውጥ ይጀምራል። ፈተና ላይ በደንብ መልሼዋለሁ። ልጅ ፊቴ ሲቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

በአራተኛው ሳምንት ተማሪዋንና ቤተሰቧን አስፈቅጄ የ20 ደቂቃ ውይይት ቀዳሁ። ከዚያ ቃል በቃል ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። 31 ጥያቄ ጠይቄያታለሁ። 9 ጊዜ «ግን እኮ» ብዬ ጀምሬያለሁ። ሱፐርቫይዘሬ አነበቡትና አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እዚህ ጋ ልታለቅስ ነበር። አንቺ ስለ ጥናት ፕሮግራም ጠየቅሻት» አሉኝ። ያን ቀን እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ነው የወረድኩት።

አሁን ከመናገሬ በፊት አንድ ትንፋሽ እቆያለሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይተኛል ተብሎ ተላከልኝ። በፊት ቢሆን ስለ ስልክና ስለ ማታ እንቅልፍ እመክረው ነበር። «ደክሞሃል» ብቻ አልኩት። ብዙ ቆይቶ፣ መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ሰፈራቸው በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ቤተሰቡ ከተማው ዳር ገብቷል። ጓደኞቹን ላለማጣት ብሎ ትምህርት ቤቱን አልቀየረም። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል፣ ሁለት ታክሲ ይይዛል። እንባው የመጣው ግን ስለ እንቅልፉ ሲያወራ አይደለም። «ድሮ ከክፍል ስንወጣ ሁላችንም አብረን ነበር ወደ ቤት የምንሄደው» ሲል ነው። ይህ ልጅ ሐዘን ላይ ነው፤ ሰፈር ሞቶበታል። ለቅሶ ደራሽ ግን አልነበረውም። እሱ ፈቅዶልኝ ለሒሳብ መምህሩ የመንገዱን ርቀት ብቻ ነገርኳቸው። በማግስቱ ጠርተው አነጋግረውታል።

ሌላው የተማርኩት ስለ መለኪያ ነው። እነ ስቲቭ ደ ሼዘርና ኢንሱ ኪም በርግ ያመጡት አጭር የመፍትሔ ተኮር ዘዴ አለ፤ «ከ0 እስከ 10 አሁን ስንት ላይ ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ለእኛ ተማሪ ግን «ከ10 ስንት» ማርክ ነው። ከ5 በታች ማለት መውደቅ ነው። ዓይኗ ቀልቶ «8» ያለችኝ ልጅ አለች። እናም ቁጥሩን በታክሲ መንገድ ቀየርኩት። «አራት ኪሎ ላይ ነገሩ በጣም ከብዶሻል፣ መገናኛ ስትደርሺ ቀሎሻል እንበል። አሁን የት ደርሰሻል?» «ገና ቀበና ነኝ፣ ቲቸር።» «ሾላ ለመድረስስ ምን ያስፈልግሻል?» እዚህ ላይ ወሬው ተከፈተ።

«ደብሮኛል» የሚለውንም ቶሎ ወደ ድብርት መተርጎም ትቻለሁ። «ሲደብርሽ ምን ትሆኛለሽ?» እላለሁ። አንዳንዴ ክፍሉ አሰልቺ ሆኖባት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ሳምንት በቅጡ አልበላችም፣ አልተኛችም። ያኔ 9 ጥያቄ ያለውን የድብርት መጠይቅ አወጣለሁ። ዘጠነኛው ስለ መሞት ሐሳብና ራስን ስለመጉዳት ነው። መጀመሪያ እዚያ ስደርስ ድምፄ ይቀንስ ነበር። መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ላይ እንደማይተክል ከተማርኩ ወዲህ ዓይኗን እያየሁ እጠይቃለሁ። ምን በምስጢር እንደምይዝ፣ ምን ደግሞ ለሌላ ሰው መናገር ግዴታዬ እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የምነግራቸው። አደጋ ካለ ብቻዬን አልይዘውም፤ ወላጅ ይጠራል፣ ወደ አማኑኤል ሆስፒታልም ሪፈር እንጽፋለን።

የሚያናድደኝ ቢሮው ነው። የዩኒት ሊደሩ (የተማሪ ሥነ ሥርዓት ኃላፊው) እና የእኛ ክፍል የሚለየው በኮምፔልሳቶ ነው። ውጭ አርፋጆች ተንበርክከዋል፣ እዚህ እኔ «ይህ ቦታ የቅጣት አይደለም» እላለሁ። ማን ያምነኛል? የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪ አንድ አማካሪ ይላል። እኛ ጋ ለከ2,000 በላይ ተማሪ ያለነው አንድ አማካሪና እኔ ተለማማጇ ብቻ ነን። ለጊዜው ላይብረሪያኗን ለምኜ ከሰዓት በኋላ የመጽሐፍ መጋዘኗን አግኝቻለሁ። ሁለት ወንበር ያስገባል። በሩ ይዘጋል።

ሌላ ትምህርት ቤት ፕራክቲከም ላይ ያላችሁ፣ አንድ ነገር አግዙኝ። የልጁን ስሜት መልሼ ስነግረው «የከፋህ ይመስላል» ስል ብዙዎቹ «አይ፣ ደህና ነኝ» ብለው ይዘጉታል። «ከብዶሃል» ስል ግን ያወራሉ። እናንተ ጋ የሚሠሩት ቃላት የትኞቹ ናቸው? እየሰበሰብኩ ነው፤ እስካሁን 14 ደርሰዋል።