ዋይ ዋይ ያሰኘኝ ዋይ

ለራሴ መማሪያ ትንሽ ኮምፓይለር (የተጻፈ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) እየሠራሁ ነበር። የማሽን ኮድ ማመንጨቱን ለዚሁ ሥራ ለተዘጋጀው ለኤልኤልቪኤም ትቼለታለሁ። አንድ ቀን በሲ የተጻፈ ፈንክሽን ልጥራ ብዬ ሁለት ፍሎት (4 ባይት የሚይዝ ባለ ነጥብ ቁጥር) የያዘ ስትራክት (እሴቶችን አንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል) ላክኩ፤ ኤክስ 3፣ ዋይ 4። ሲው ሲያትመው ኤክስ 3 ሆኖ ወጣ። ዋይ ግን 0። እንደ ስሙ ሁለት ሌሊት ዋይ ዋይ አሰኘኝ።

ፍሎቱን በደብል (8 ባይት በሚይዘው ባለ ነጥብ ቁጥር) ቀይሬ ሞከርኩ። ሠራ! ይሄ ደግሞ ጭራሽ ግራ አጋባኝ።

በመጨረሻ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፦ ያንኑ ጥሪ በሲ ጽፌ ክላንግ የተባለው የሲ ኮምፓይለር ያወጣውን አሴምብሊ (የማሽን ትእዛዞቹን በጽሑፍ) ከኔው ጎን አስቀመጥኩ። የኔው ኤክስን በኤክስኤምኤም0፣ ዋይን በኤክስኤምኤም1 ይልካል፤ እነዚህ ሬጅስተሮች ናቸው፣ የፕሮሰሰሩ ትንንሽ ማስቀመጫዎች። ክላንግ ሁለቱንም ኤክስኤምኤም0 ውስጥ አጣብቆ ይከታቸዋል። ለካ ሊኑክስ ላይ፣ በኤክስ86 64 ቢት ፕሮሰሰር፣ ደንቡ ስትራክትን የሚቆጥረው በፊልድ (በውስጡ ባሉት እሴቶች) ሳይሆን በ8 ባይት ቁራሽ ነው። ሁለት ፍሎት 8 ባይት፤ አንድ ቁራሽ፣ አንድ ሬጅስተር። ሁለት ደብል ግን 16 ባይት፤ ሁለት ቁራሽ። ደብሉ የሠራው በዕድል ነው ማለት ነው። ዜሮዋም ዝም ብላ አልመጣችም። አንድ ፍሎት ከሜሞሪ ሬጅስተሩ ላይ ሲጫን የላይኞቹ ቢቶች ዜሮ ይሆናሉ፤ ሲው ዋይን የፈለገው እዚያ ነው።

ኤልኤልቪኤም ይሄን ሁሉ ያስብልኛል ብዬ ነበር። አያስብም። ስትራክቱን እንዳለ ስትሰጠው ፊልድ በፊልድ ዘርግፎ ይልከዋል። የሲን ደንብ መጠበቅ የኔ ሥራ ነበር።

ተቀምጬ ደንቡን ጻፍኩ። ከ16 ባይት የበለጠ ስትራክት ስታክ (ፈንክሽኖች የሚጠቀሙበት የሜሞሪ ክፍል) ላይ ኮፒ ይደረጋል። በአንድ ቁራሽ ውስጥ ኢንቲጀርና ፍሎት ከተቀላቀሉ ኢንቲጀሩ ያሸንፋል። ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው፦ ስትራክቱ 2 ሬጅስተር ፈልጎ 1 ብቻ ከቀረ፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ አይሆንም። ሙሉው ስታክ ላይ ይወርዳል፤ የተረፈውን ሬጅስተር ቀጣዩ አርጊዩመንት (ለፈንክሽኑ የሚላክ እሴት) ይወስደዋል። የኔ ቆጣሪ ግን እንደተበላ ቆጥሮት ያልፍ ነበር።

ዊንዶውስ ላይ 1፣ 2፣ 4 ወይም 8 ባይት ያልሆነ ስትራክት ኮፒ ተደርጎ አድራሻው ይላካል። በቃ። ቀናሁባቸው።

አሁን ፈተናውን የሚጽፍልኝ ስክሪፕት ነው። በዘፈቀደ ስትራክት ይፈጥራል፤ ጠሪውን በኔ ኮምፓይለር፣ ተቀባዩን በክላንግ ይሠራል፤ ከዚያ ያገላብጣቸዋል። በመጀመሪያው ምሽት ሦስት ፍሎት ያለው ስትራክት ላይ ያዘኝ። ተቀባዩ ኮዴ ሁለተኛውን ቁራሽ ሲያስቀምጥ ሙሉ 8 ባይት ይጽፋል። ስትራክቱ ግን 12 ባይት ብቻ ነው፤ የተረፈው 4 ባይት ጎረቤት ቫሪያብል ላይ ይፈስ ነበር።