በጋውን ቆሞ የከረመን የሣር ማጨጃ ሞተር እንዴት እንዳስነሣሁት

ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ በምንከባከበው ሰፊ ግቢ ውስጥ ተቀምጠውበት የሚነዳ የሣር ማጨጃ አለን። ሣሩ የሚታጨደው ከክረምት እስከ ጥቅምት ስለሆነ ማሽኑ በጋውን በሙሉ ቆሞ ይከርማል፤ ሰኔ ላይ ቁልፉን ሳዞረው ከ«ቀጭ» ድምፅ በቀር ምንም አልሰጠኝም።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው በቀጥታ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ክፍል) ወደ መፍታት ይሄዳል። እኔ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ሞተሩ መዞሩ ወይም አለመዞሩ ነው እላለሁ፤ የማይዞር ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ነው፣ እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ደግሞ እሳት ወይም ቤንዚን ጎድሎታል።

ባትሪው ሲለካ ሙሉ ሲሆን ሊያሳይ ከሚገባው 12.6 ቮልት በጣም ወርዶ ነበር። ጫፎቹን የሸፈነውን ነጭ ዝገት የመጋገሪያ ሶዳ በበጠበጥኩበት ውኃ አጥቤ፣ ቻርጅ አስደርጌ ስመልሰው ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሣት የሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) አዞረው። (ከመቀመጫው ሥር ያለውን፣ ነጂው ሲነሣ ሞተሩን የሚያጠፋውን የደኅንነት ማቋረጫ ሽቦውን አገናኝቶ መዝለልን የሚመክሩ አሉ፤ ምላጩ እግር የሚቆርጥ ነውና ፈጽሞ አልስማማበትም።)

ሞተሩ ቢዞርም አልተነሣም። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ጥቀርሻ ለብሷል፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተርም እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ጠርጌው፣ ከቤንዚን አርቄ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቼ ሳስዞረው ሰማያዊ ብልጭታ ሰጠ። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን አንሥቼ በካርቡራተሩ አፍ ጥቂት ጠብታ ቤንዚን ጨመርኩ፤ ሞተሩ ለአፍታ ተነሥቶ ጠፋ፤ እሳት አለ፣ የማይደርሰው ቤንዚን ነው ማለት ነው። ካርቡራተሩን ለመፍታት የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው።

የታችኛው ጽዋ ሲወርድ ቤንዚኑ የከረረ ሽታ ነበረው፤ ግድግዳው ላይም እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ቢጫ ዝቃጭ ተጋግሯል። ቤንዚን ለወራት ሲቆም ቀላሉ ክፍሉ ተንኖ የሚቀረው ይህ ነው። ቤንዚን መጥኖ የሚያሳልፈው የጂግለሩ ቀጭን ቀዳዳ ብርሃን አያሳልፍም ነበር። ቀዳዳው እንዳይሰፋ ከኤሌክትሪክ ገመድ በመዘዝኳት አንዲት የመዳብ ክር በእርጋታ ከፈትኩት፣ ከዚያም ጎሚስታ ቤት ወስጄ በአየር አስነፋሁት። ታንከሩን አጥቤ አዲስ ቤንዚን ከሞላሁ በኋላ ሞተሩ ተነሣ፤ ጭሱ እስኪጠራ ጥቂት ቆየ እንጂ ድምፁ የተስተካከለ ነበር።

አሁን ጥቅምት ሲያልቅ የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግቼ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስሠራዋለሁ፤ ባትሪውንም ፈትቼ አስገብቼ በየጊዜው ቻርጅ አደርገዋለሁ።