የሳምንት ቁጥር ማን ያስታውሳል?

ዛሬ የደንበኞችን አስተያየት ሳነብ ዋልኩ። የታይምሼር ማስያዣ ድረ ገጻችንን እንደ አዲስ እየሠራን ነው። ታይምሼር ማለት አንድን የእረፍት ቤት ብዙ ሰዎች በሳምንት በሳምንት ተካፍለው የሚጠቀሙበት አሠራር ነው። የእኛ ገጽ ታዲያ ደንበኛውን የሳምንት ቁጥር ነበር የሚጠይቀው፤ ከ1 እስከ 52።

አንዲት እናት የጻፉት ልቤን ነካው። የልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ቀን ያውቃሉ፤ 27ኛው ሳምንት መቼ እንደሚውል ግን ከየት ይወቁት? ደግሞ ሳምንቱ የሚያዘው ደንበኛው ባለው ነጥብ ነው፤ ገጹ ግን «ነጥብዎ አይበቃም» የሚላቸው ሁሉን መርጠው ከጨረሱ በኋላ ነው። እውነት ለመናገር አፈርኩ። እኛ ስንት ቀን የተከራከርነው ስለ ቀለም ነበር! ስለ ቀለም የጻፈ አንድም ሰው አላገኘሁም።

ከሰዓት በኋላ ቁጥሩን አውጥተን ተራ የቀን መቁጠሪያ አስገባን። ቀሪው ነጥብም ገና ከመጀመሪያው፣ ከላይ ይታያል። ነገ ለእኚሁ እናት ልከን እንዲሞክሩት እንጠይቃቸዋለን። መልሳቸውን ለመስማት ጓጉቻለሁ።